የድሮ ሲኒማ ቤት ተከራይተናል፤ የቱን እንጣል፣ የቱን እናስቀር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ኦሃዮ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በ1950 የተሠራ ሲኒማ ቤት ተከራየን። የሠርግና የበዓል አዳራሽ ልናደርገው ነው። ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት ትልልቅ ማሽኖች፣ መዳብ የለበሱ ቀጫጭን ዘንጎች የሞሉበት መሳቢያ እና የፊልም ቆርቆሮዎች አሉ። ምድር ቤት ደግሞ በሳጥን በሳጥን የታጨቁ የእንግሊዝኛ ፊደላት አገኘን፤ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ቀይ ፕላስቲክ ነው። ከበሩ በላይ ወደ መንገዱ የወጣው ትልቁ ታፔላ አይበራም። አከራያችን ሁሉንም ጥላችሁ በአዲስ ተኩት፣ ግድ የለኝም ይላል። የሚሸጥ ነገር አለው? ታፔላውስ መሥራት ይችላል? አማርኛ ሊጻፍበት ይችላል?»

መልሱን ላስቀድም፣ ዝርዝሩ ይከተላል። ምንም አትጣሉ። ምንም አታብሩ። የፊቱን ታፔላ ደግሞ ማንም መሰላል ይዞ መጥቶ እንዳይነካባችሁ። ሥራዬ የአሮጌ ታፔላና የሲኒማ ቤት ዕቃ ጥገና ነው፤ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ሰው ፎቅ ይወጣና ልቡ ሁለቱ ማሽኖች፣ ማለት የፊልም ማሳያ ፕሮጀክተሮቹ ላይ ይቀራል። እነሱን ለመሸጥ ሲሯሯጥ ውጪ የተሰቀለውን ገንዘብ በአንድ ቅዳሜ አስነቅሎ ለቁራሌ ይሰጣል። ለእናንተ ሥራ የሚጠቅማችሁ ታፔላው ነው። ማሽኖቹ ያምራሉ፣ ይከብዳሉ፣ ገዢያቸው ጥቂት ነው።

ታፔላውን ለምን እንዲህ አከበርኩት? በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ዛሬ ከግድግዳ አልፎ እግረኛ መንገድ ላይ የሚንጠለጠል፣ ያን የሚያህል ታፔላ አዲስ ልስቀል ብትሉ አይፈቀድላችሁም። የእናንተው የቆመው ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ስለተሰቀለ ብቻ ነው። ካለበት እስካልተነሳ ድረስ ዝም ይባላል። አንዴ ከወረደ ግን በብዙ ቦታ መብቱም አብሮ ይወርዳል፣ «ጠግነን እንመልሰዋለን» ብትሉም ሰሚ ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለኤሌክትሪሻን ሳይሆን ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ታፔላ ባለበት መጠገን ይፈቀዳል ወይ? ለጥገና ወርዶ የሚመለስበት ፈቃድስ አለ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሦስተኛ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ እሱ አከራያችሁን ይመለከታል። ሕንፃው በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ካለ፣ ወይም መግባት ከቻለ፣ ለእድሳት ከወጣው ወጪ 20 በመቶውን ከፌዴራል ታክስ ላይ የሚያስቀንስ ሕግ አለ። ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነው፣ የሂሳብ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ግን ይህን ስትነግሩት «ግድ የለኝም» ያለው ሰውዬ ድንገት ግድ ይለው ይሆናል።

ቀጥሎ መብራቱን እርሱትና ብረቱን አስመርምሩ። ከበሩ በላይ የወጣው፣ ታፔላውን የተሸከመው ታዛ ከግድግዳው ጋር የተያዘው በብረት ዘንግ ወይም በሰንሰለት ነው፤ ዘንጎቹ ግንቡ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ላይ ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል፣ ከመሬት ሆናችሁ ግን አታዩትም። የታዛው አናት የራሱ የውሃ መውረጃ አለው። እሱ በቅጠልና በርግብ ጎጆ ከተደፈነ ዝናብና በረዶ እላዩ ላይ ይጠራቀማል፣ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ የሚንጠለጠለው በዛገው ዘንግ ላይ ነው። ሙሽራ ከነሚዜው ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ይየው። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

አሁን ወደ አሠራሩ። የዚያ ዘመን የሲኒማ ታፔላ የተሠራው ለእግረኛ ብቻ ሳይሆን ለመኪና ነው። ብዙዎቹ ከላይ ሲታዩ ሾጣጣ የሆኑት ለዚህ ነው፤ አንዱ ፊት ከወዲህ ለሚመጣው፣ ሌላው ፊት ከወዲያ ለሚመጣው ሾፌር። ከታዛው በላይ ወደ ሰማይ የቆመና የሲኒማ ቤቱ ስም ከላይ ወደ ታች የተጻፈበት ሌላ ታፔላ ካላችሁ እሱ ከሩቅ መጥሪያ ነበር። አስመራን የምታውቁ ሲኒማ ኢምፔሮን አስቡት። በ1937 የተሠራ ነው፣ ስሙ ፊት ለፊት ከላይ ወደ ታች ተጽፏል፣ በጎንና በጎኑ ክብ ክብ መብራቶች ተደርድረዋል። የእናንተው አገሩም ዘመኑም ሌላ ነው፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ሕንፃው ራሱ ማስታወቂያ ይሁን።

የታፔላውን ቆርቆሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ከሥሩ የሚያብረቀርቅና የማይፋቅ ቀለም ከወጣ ዕድለኞች ናችሁ፤ ኢናሜል ነው፣ እቤታችን እንደነበረው የኢናሜል ሳህን። የመስታወት ዱቄት ብረቱ ላይ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ የተጣበቀ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። እላዩ ላይ ሌላ ቀለም አትቀቡ! ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። ተራ ቀለም ሆኖ ከተላላጠ ግን አታሹት፣ አትፋቁት። በ1950 ቀለም ውስጥ እርሳስ መኖሩን እንደ እርግጥ ቁጠሩት።

ጠርዝ ጠርዙን የሚሄዱት የመስታወት ቱቦዎች ኒዮን ናቸው። ብርጭቆው ጥርት ያለ ከሆነና ብርቱካናማ ቀይ ከሰጠ ውስጡ ያለው ጋዝ በእርግጥም ኒዮን ነው። ሰማያዊውና ብዙዎቹ ሌሎች ቀለሞች ግን አርጎንና ጥቂት ሜርኩሪ ናቸው፣ ስለዚህ ከተሰበሩ በእጅ አይሰበሰቡም። እነዚህ በኦሃዮ ክረምት ደብዘዝ ቢሉባችሁ አትደንግጡ፣ ሜርኩሪ ብርድ አይወድም። ቱቦው ራሱ ሳይሰበር ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ቶሎ የሚሞተው ትራንስፎርመሩና የሽቦው ልባስ ነው። ትራንስፎርመሩ እስከ 15,000 ቮልት ያወጣል። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ማብሪያውን መጫን የከለከልኩት ለዚህ ነው፤ ልባሱ የተሰነጠቀ ሽቦ ከረጠበ ቆርቆሮና ከደረቀ የወፍ ጎጆ ጋር ሲገናኝ እሳት ነው። ተራ ኤሌክትሪሻን ይህን አይሠራም። ብርጭቆ በእሳት አጥፎ ኒዮን የሚሠራ ባለሙያ ፈልጉ፣ ጥቂት ናቸው ግን አልጠፉም። የተሰበረውን ቱቦ ብቻ በአምሳያው ሠርቶ ይተካላችኋል። «ሁሉንም በኤልኢዲ ገመድ እንቀይርላችሁ» የሚል በርካሽ ዋጋ ይመጣል። ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ፕላስቲክ ነው። የእኔ ምርጫ ገንዘብ ካነሰ ግማሹን ኒዮን ጠግኖ ግማሹን እስኪቀና መተው ነው።

ከታዛው ሥር ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚያ ኤልኢዲን እኔ ራሴ እመክራለሁ። የተለመደው አምፖል 11 ዋት ነው፤ 200 ቢኖራችሁ 2,200 ዋት ነው፣ ያውም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ የሚባክን። አሁን ያንኑ ቅርጽና ያንኑ ጥርስ ይዘው 1 ዋት አካባቢ የሚበሉ አሉ። ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ያላቸውን ምረጡ፣ ነጩ ታዛውን ሆስፒታል ያስመስለዋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። መብራቱ የሚሮጥ የሚመስለው አምፖሎቹ በሦስት ወይም በአራት መስመር ተራ በተራ ስለተያያዙ ነው፤ አንደኛው፣ አምስተኛው፣ ዘጠነኛው በአንድ መስመር፣ ሁለተኛው፣ ስድስተኛው፣ አሥረኛው በሌላ፣ እንዲያ እያለ። አንድ ሞተር መስመሮቹን በየተራ ያበራል፣ ያጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው «አሮጌ ሽቦ» ብሎ ሁሉንም ባንድ ቢያያይዘው ሩጫው ቀረ ማለት ነው። ከመነቀሉ በፊት በየሽቦው ላይ ቁጥር ይለጠፍ። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር በዛሬ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ተኩት፣ የድሮው መነካኪያው ብልጭታ ይተፋል።

ወደ ፊደላቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ከጥያቄያችሁ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሳጥኖቹን አትበትኑ፣ አንድ በአንድም አትሽጡ። የዚያ ዘመን ሁለት ታዋቂ ሠሪዎች ዋግነርና አድለር ናቸው፣ ሁለቱም የቺካጎ። መጀመሪያ ከአሉሚኒየም፣ ኋላ ብርሃን ከሚያሳልፍ ባለቀለም ፕላስቲክ ይሠሯቸው ነበር። ከኋላቸው የሠሪው ስም ይኖራል። የእናንተ ቅይጥ መሆኑ ቤቱ የብረቱን ጀምሮ ኋላ ፕላስቲክ መጨመሩን ይነግራል። ፊደል የሚንጠለጠለው በታፔላው ፊት በአግድም በተዘረጉት ሐዲዶች ላይ ነው፣ ከኋላው ነጭ መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ኋላ መብራት አለ። የአንዱ ሠሪ ፊደል የሌላው ሐዲድ ላይ ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት በሐዲዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ገበያ ላይ አንድ «ኤ» ወይም አንድ «ኤስ» ለቤት ጌጥ የሚገዛ አይጠፋም፤ ነገር ግን ከስብስቡ «ኤ»ን ካወጣችሁ የቀረው ምን ይጽፋል? ያኔም ቢሆን ፊደል ሲያልቅ «ኤም»ን ገልብጦ «ደብልዩ» ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነበር።

አማርኛ ይጻፍበታል ወይ? አዎ፣ ያምራልም። የግዕዝ ፊደል ስብስብ ግን ተዘጋጅቶ አይሸጥም፣ ማሠራት ነው። በታፔላ ሥራ አንድ የቆየ ስሌት አለ፦ ለ1 ኢንች የፊደል ቁመት 10 ጫማ ርቀት። 10 ኢንች የሆነ ፊደል ከ100 ጫማ፣ ማለት ከ30 ሜትር አካባቢ፣ ደህና አድርጎ ይነበባል። 17 ኢንች የሆነው ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ። ይህ ስሌት ግን የላቲን ፊደል ነው። የኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ጭረት ላይ ነው፤ «ካ»ንና «ኳ»ን፣ «ራ»ንና «ሪ»ን በመኪና እያለፈ የሚያነብ ሰው ላይ ተመልከቱት። ስለዚህ በአማርኛ 10 ኢንች አትሥሩ፣ ትልቁን መጠን ውሰዱ፣ መስመሩን ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀንሱ፣ ጌጥ የበዛበት ፎንት አትምረጡ። ወፍራም ጥቁር፣ ክፍተቱ ሰፊ የሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ፊደሉን ራሱን ቆርጦ መስቀል ለኛ አይመችም፣ ምክንያቱም ብዙ ፊደሎቻችን አንድ እግር ናቸው ወይም ወደ ጎን ያዘነብላሉ፣ ሐዲዱን የሚይዙበት ቦታ ያጣሉ። ግልጽ የአክሪሊክ ሰሌዳ በሐዲዱ ልክ አስቆርጡ፣ ፊደሉን በጥቁር ቪኒል እላዩ ላይ ለጥፉ። ማታ ከኋላ ሲበራ ሰሌዳው አይታይም፣ ፊደሉ ብቻ ይቀራል። የሰሌዳውን ስፋት እንደየፊደሉ አድርጉት፣ «ጠ»ና «ር» እኩል ቦታ አይፈልጉም።

ስንት ፊደል? 231ዱንም ከነዲቃላው ማሠራት እብደት ነው። የምትጽፉትን አስቡና ከዚያ ቁጠሩ። «እንኳን ደስ አላችሁ» እና «እንኳን ደህና መጣችሁ» በተለያየ ቀን የሚሰቀሉ ከሆነ ሁለቱም በ14 ሰሌዳ ይጻፋሉ፤ «ን» ብቻ ሁለት ይሁን። 6 ጨምሩ፣ «መልካም ጋብቻ» ይወጣል። «በ»፣ «ዓ» እና ሁለተኛ «ል» ስትጨምሩ «መልካም በዓል» አገኛችሁ። በ23 ሰሌዳ የዓመቱን አብዛኛውን ሥራ ሸፈናችሁ ማለት ነው። የሙሽሮቹን ስም በላቲኑ ፊደላት ጻፉት፣ እነሱ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ለጎረቤቶቻችሁም ይሻላል፤ የከተማው ሰው ምን እየተካሄደ እንደሆነ ሲያነብ ከሩቅ አይጠረጥራችሁም።

አሁን ፎቅ እንውጣ። መሳቢያው ውስጥ ያሉት መዳብ የለበሱ ዘንጎች ካርቦን ናቸው፤ የማሽኑ መብራት እነሱ ነበሩ። ሁለት ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ፣ ትንሽ ይለያያሉ፣ በመካከላቸው ኃይለኛ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፋል፣ ጫፉም ከ3,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ከጀርባው ያለው መስተዋት ያንን ብርሃን ሰብስቦ ፊልሙ ላይ ይጥላል። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ ማሽኑ ቀስ እያለ ይገፋቸዋል፣ አጫዋቹም በጥቁር መስታወት እያየ ያስተካክላል። ከማሽኑ አናት ወደ ጣሪያ የሚወጣው ቧንቧ የጭሱ ነው። ከመብራት ቤቱ፣ ማለት ዘንጎቹ ከሚነዱበት ሳጥን፣ የሚወጣው ወፍራም ሽቦ ልባሱ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ፣ ሙቀት የሚችል ክር) ሊሆን ይችላል፣ አትቁረጡት።

ሁለት ማሽን የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ የፊልም ጥቅል 2,000 ጫማ ነው፣ ፊልሙ በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል፣ ስለዚህ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ያልቃል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው መቀጠል አለበት። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በስክሪኑ ቀኝ ላይኛ ጥግ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፣ አጫዋቹ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሳል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሌላ ነጥብ ትመጣለች፣ ያኔ ይቀይራል። ጎበዝ ከሆነ ተመልካቹ አያውቅም። ካልሆነ ፉጨቱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ማሽኖቹ ላይ የስም ሰሌዳ ፈልጉ። ሲምፕሌክስ፣ ሴንቸሪ፣ ብሬንከርት፣ ሞቲዮግራፍ፣ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። መብራት ቤቱ ስትሮንግ ከሆነ የሠፈራችሁ ልጅ ነው፣ ፋብሪካው እዚያው ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ነበር። የምመክራችሁ አንዱን አጽድታችሁ መግቢያው ላይ ማቆም ነው፣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። ለማውረድ ግን ፈትታችሁ በየክፍሉ ይሁን፣ ሙሉውን በደረጃ ሊያወርድ የሚሞክር ሰው ወገቡን ነው የሚያጣው። ሌንሶቹን ቀድማችሁ አውጥታችሁ ቆልፉባቸው፣ ዕቃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ሁለተኛውን ማሽንና ካርቦኑን ለሰብሳቢ ሽጡ ወይም ስጡ፤ ካርቦን አሁንም የሚያበሩ ሰዎች አሉ።

የፊልም ቆርቆሮዎቹን ግን ለብቻ ልናገር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም እስከ 1951 አካባቢ በናይትሬት ይሠራ ነበር፤ ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ የራሱን ኦክሲጅን ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል። ያ ክፍል ጠባብ፣ በሩ ብረት፣ የፊልም ማሳያ ቀዳዳዎቹም ላይ እሳት ሲነሳ የሚወርድ የብረት መዝጊያ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእናንተ ቤት 1950 ስለሆነ ድንበሩ ላይ ነው ያለው። የፊልሙ ጠርዝ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ናይትሬት የሚቀጣጠል ዓይነት አይደለም፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ቢሸትም እርጅና ነው። «ናይትሬት» ካለ፣ ወይም ምንም ሳይነበብ ፊልሙ ቡናማ ሆኖ ከተጣበቀና ከተፈረፈረ፣ ክዳኑን መልሱና ለእሳት አደጋ መምሪያ ደውሉ። መኪናችሁ ውስጥ እንዳትጭኑት።

ከስክሪኑ ኋላ ገብታችኋል? ጥያቄያችሁ ላይ አልጠቀሳችሁትም። የሲኒማ ስክሪን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ነው፣ ድምፁ የሚመጣው ከጀርባው ስለሆነ። እዚያ ቁም ሣጥን የሚያክል ጥቁር ሳጥን፣ አናቱ ላይ የብረት ጡሩምባ ያለው፣ ካያችሁ ቀስ በሉ። አልቴክ ላንሲንግ ከ1945 ጀምሮ ለሲኒማ ቤቶች የሠራቸው ድምፅ ማጉያዎች እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ። የዌስተርን ኤሌክትሪክ ከሆነማ የጃፓን ሰብሳቢዎች ሲያሳድዱት ስንት ዘመናቸው። ፎቅ ላይ ግድግዳው ላይ የተሰካ፣ ትልልቅ አምፖል መሳይ ቱቦዎች ያሉት ማጉያ ካለም እንዲሁ። ከጠቅላላው ቤት በአንድ ቀን ገንዘብ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው፤ ለአዳራሻችሁ ስለማይጠቅም ሽጡት፣ ለታፔላው ጥገና ይሁን። ከመሸጣችሁ በፊት ግን የማን እንደሆነ ከአከራያችሁ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ቁራሽ ወረቀት ትበቃለች።

እዚያው ሳላችሁ ግድግዳውንም እዩ። በ1953 ሰፊው ስክሪን ሲመጣ ብዙ ቤቶች የድሮውን፣ ለካሬ የቀረበውን መድረክ ከኋላ ትተው ሰፊ ስክሪን ከፊቱ ወጠሩ። ሸራውን ስታነሱ ጌጠኛ የመድረክ ክፈፍ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ለሙሽሮች መቀመጫ የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቶ እየጠበቃችሁ ነው ማለት ነው።

የፖስተር ሳጥኖቹን ባለበት ተዉ። ልካቸው 27 በ41 ኢንች ከሆነ የዘመኑ መደበኛ ልክ ነው፣ የዛሬው 27 በ40 ስለሆነ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ፖስተሮቹ የኪራይ ስለነበሩ ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ ግን ከሳጥኑ ጀርባ ካርቶን ሥር ወይም ከመሳቢያ ኋላ የቀረ ይገኛል። መታጠፉ ጉዳት አይደለም፣ ታጥፎ ነበር የሚላከው። ካገኛችሁ ለመዘርጋት አትጫኑት፣ ፕላስተር አትለጥፉበት።

አራት ፎቶ ላኩልኝ፦ የታዛው ዘንግ ግንቡ ውስጥ የሚገባበት፣ ሜትር ተይዞ የሐዲዶቹ ርቀት፣ የአንድ ፊደል ጀርባ፣ እና ከስክሪኑ ኋላ ያለው። እነዚህን ካየሁ በኋላ ስለ ሰሌዳው ውፍረትና መንጠልጠያው እንነጋገራለን።